ወንበር ላላስደፈሩ ጀግኖች

የአሜሪካ ሪፐብሊካኖችን መስደብ ቀላል ነው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ የተወካዮች ምክር ቤታቸውን አፈ ጉባኤ መምረጥ አቅቷቸው ወንበሩ ሦስት ሳምንት ባዶውን በከረመ ጊዜ፣ በእኛዋ ድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሻዩን ይዞ የተቀመጠው ሁሉ ሲያሾፍባቸው ሰነበተ። አንዱ «ዴሞክራሲ ያሉን ይህንን ነው?» ይላል። ሌላው «አቦ፣ እነርሱም እንደ እኛ ናቸው እንዴ!» ብሎ እፎይ ይላል። እኔ በዚህ ፌዝ ውስጥ የለሁበትም። ተቃዋሚን መጥላትማ ለማን ያቅታል? በአንድ ዓርማ ሥር ድምፅ የለመነን፣ በአንድ መድረክ ላይ ያጨበጨበን የገዛ ወገን ግን አላላውስ ማለት ልምድ ይጠይቃል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ ሥራ መፍታት ይጠይቃል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲሰድብ እኔ ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ምርጫ በተወካዮች ምክር ቤት 222 መቀመጫ አገኘ። አብላጫ ማለት ነው። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አፈ ጉባኤውን መርጦ፣ መሐላውን ፈጽሞ፣ ሥራ ይጀምር ነበር። እነርሱ እንዲህ ያለውን ጥድፊያ ናቁት። ኬቨን ማካርቲን ለመምረጥ 15 ዙር ድምፅ ሰጡ። የመጨረሻው ዙር የተጠናቀቀው በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 2015፣ የገና ዕለት ጠዋት፣ በየቤቱ የዶሮ ወጥ በሚሸትበት ሰዓት ነበር። የእኛ ጾም ሲፈታ የእነርሱም ቋጠሮ አብሮ ተፈታ።

በእነዚያ ቀናት ያሳዩት ብቃት በቂ ምስጋና አላገኘም። እዚያ አገር አፈ ጉባኤ ካልተመረጠ የምክር ቤቱ አባላት ቃለ መሐላ አይፈጽሙም። ስለዚህ በአዳራሹ ተቀምጠው ሲተናነቁ የሰነበቱት ሰዎች ገና አባል እንኳን አልሆኑም። አባል ሳይሆኑ የነባር አባል የሚያህል ቂም መያዝ ችለዋል! ከ14ኛው ዙር በኋላ ማይክ ሮጀርስ የተባሉት ተመራጭ ወደ ፓርቲ ጓዳቸው ወደ ማት ጌትዝ በቁጣ ሲጠጉ፣ አንድ ባልደረባቸው ከኋላ መጥተው አፋቸውን በመዳፋቸው አፍነው ጎተቷቸው። ዓለም ይህንን በቴሌቪዥን አይቶ ሳቀ። እኔ ግን የፓርቲ ጓድነት ሲነገረን የኖረው ለዚህ ነበር ብዬ አጨበጨብኩ።

ማካርቲ ወንበሩን ያገኙት በዋጋ ነው። ከዋጋው አንዱ፣ ማንኛውም አባል ብቻውን ተነሥቶ «አፈ ጉባኤው ይውረዱ» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል የሚለው ደንብ ነበር። አንድ ሰው ይበቃል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኒህ ሰው ግን ከተሾሙበት ቀን ጀምሮ መሻሪያቸውን በኪሳቸው ይዘው ሲዞሩ ለመብላት ጊዜውን ከየት ያምጡት?

የወደቁበት ኃጢአት ደግሞ ከባድ ነው። የመንግሥት በጀት ሊያልቅና መሥሪያ ቤቶች ሊዘጉ ሰዓታት ሲቀሩ፣ በዲሞክራቶች ድምፅ ጭምር የ45 ቀን ጊዜያዊ በጀት አሳለፉ። ተስማሙ ማለት ነው! ያውም ከሌላው ወገን ጋር። ይህ እንዴት ይታለፋል? በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 22 ቀን 2016፣ ጌትዝ ባቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ 216 ለ210 በሆነ ድምፅ ተሻሩ። በምክር ቤቱ ታሪክ አፈ ጉባኤ በዚህ መንገድ ሲወርድ የመጀመሪያው ነው። ዲሞክራቶቹ እንደ አንድ ሰው ሆነው ድምፅ ሰጡ፤ ይህ አያስደንቅም፣ ሥራቸው ነው። ሚዛኑን የደፉት ግን የራሳቸው የማካርቲ ፓርቲ ስምንት ሰዎች ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንል ኖረናል፤ ስምንት ድር አብሮ የራሱን ቤት አንበሳ ሲያስር ያየነው ያኔ ነው።

ጥበቡ የረቀቀውም ከዚህ በኋላ ነው። ስቲቭ ስካሊስ በፓርቲው ዝግ ስብሰባ ለአፈ ጉባኤነት ዕጩ ለመሆን ተወዳድረው 113 ለ99 አሸነፉ። አሸናፊ ተብለው አንድ ሌሊት አደሩና በማግስቱ ራሳቸውን አገለሉ፤ ምክንያቱም የተሸነፉት 99 ሰዎች ሽንፈትን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ኩሩዎች ስለሆኑ ነው። ተራው የጂም ጆርዳን ሆነ። እኒህ ሰው በምክር ቤቱ ፊት ሦስት ጊዜ ቀረቡ፤ በመጀመሪያው 200፣ በሁለተኛው 199፣ በሦስተኛው 194 ድምፅ አገኙ። በተለመነ ቁጥር የሚቀንስ ድምፅ! በሦስቱም ዙር ከፍተኛውን ድምፅ ያገኙት የአናሳው ፓርቲ ዕጩ፣ ሐኪም ጄፍሪስ የተባሉት ሰው፣ መሆናቸውን ደግሞ ልብ በሉልኝ። አብላጫ ይዞ በአናሳ መበለጥ በዘፈቀደ የሚደረስበት ደረጃ አይደለም። ከዚያ ቶም ኤመር ቀትር ላይ ዕጩ ሆነው ተመረጡ፤ ዶናልድ ትራምፕ አወገዟቸው፤ ሳይመሽ ተዉት። የድሬዳዋ ሰው በቀትር የሚጀምረው የጫት በርጫ እንኳን ከዚህ ዕጩነት ይረዝማል።

እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ። አህያዋን ሁላችንም እንደ ምቀኛ ስናነሣት ኖረናል። ይሁንና አህያዋ ቢያንስ እስክትሞት ድረስ ታገሠች። እነዚህ ጀግኖች በሕይወት እያሉ፣ ሣሩ ፊታቸው ላይ ለምልሞ እያለ፣ «እኔ ካልጋጥሁት ማንም አይቀምሰውም» ብለው መቆም የቻሉ ናቸው።

በመሐሉ ተጠባባቂ አፈ ጉባኤ ነበሩ፤ ፓትሪክ ማክሄንሪ። መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ ያሳረፉበት ኃይል ንዴታቸውን ሁሉ የተናገረ ነበር። ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅ፣ እርዳታ መፍቀድ ባይሞከርም ቢሮ መንጠቅ ግን ይቻል ነበር፤ ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ የቀድሞዋ አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲ በሕንፃው ውስጥ ያላቸውን ክፍል ለቀው እንዲወጡ ማድረግ ነበር። ሴትዮዋ በዚያን ሰዓት ካሊፎርኒያ ለቀብር ሄደዋል። ሰው ለቅሶ ላይ ሳለ ዕቃውን ከቢሮ ማስወጣት! እኔ ይህንን ስሰማ የአሜሪካ ዴሞክራሲ ከእኛ መሥሪያ ቤቶች ልምድ ቀስሞ መሄዱን ጠረጠርሁ። በተጠባባቂነት በኩል ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ሦስት ሳምንት ምን አላት? እኛ ዘንድ ሰው በተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅነት ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ጡረታ ይወጣል።

ስለ እኛ ካነሣሁ አይቀር፣ ድሬዳዋ በወንበር ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። የከተማይቱ ሥልጣን ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌሎች 20 በመቶ በሚል ቀመር ሲከፋፈል፣ ከንቲባነቱም በፈረቃ ሲዞር ዓመታት ኖረናል። እርሱን ለቀመር ዐዋቂዎች ልተወውና ወደ እድር ልውረድ፤ የጥበቡ እውነተኛ ትምህርት ቤት እርሱ ነውና።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ስሙ ይቆየኝ፣ አንድ እድር አለ። ሊቀመንበሩ ዕድሜ ተጫናቸውና «በቃኝ» አሉ። ሁለት ዕጩዎች ተነሡ፤ አንዱ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ሌላው የከፊራ ገበያ ነጋዴ። አባላቱ በሃይማኖት አልተከፈሉም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሁለቱም ወገን አለ። በመዋጮውም አልተጣሉም። ልዩነቱ የድንኳንና የድስት መጋዘኑ ቁልፍ በማን ኪስ ይደር የሚለው ብቻ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ አትጠይቁኝ፤ ድንኳንና ድስት ነው ያለው።

እሑድ ረፋድ ላይ በኒም ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ወደ ምርጫው ለመሄድ መጀመሪያ አስመራጭ ኮሚቴ መመረጥ አለበት። አስመራጭ ኮሚቴውን ማን ይጠቁም? የጡረተኛው ወገን «ነባር አባላት» አለ፤ የነጋዴው ወገን «መዋጮ ያላጓደሉ አባላት» አለ። ሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የየራሳቸው ሰዎች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አይናገርም፣ ምክንያቱም ሁላችንም ጨዋ ነን። አንዱ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ብሎ ይነሣና ጥያቄ የሌለበት ንግግር ሩብ ሰዓት ያደርጋል። ሌላው «ቃለ ጉባኤው ይነበብልን» ይላል፤ ይነበባል፤ «ይህ ያለፈው ስብሰባ ሐሳብ አይደለም» ይባላል። በመጨረሻ አስመራጭ ኮሚቴው በብዙ መከራ ተሟላ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ይሁን በሚለው ላይ ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። በድሬዳዋ ቀትር ክርክር የሚችል የለም፤ ለቀጣዩ እሑድ ተቀጠረ። በቀጣዩ እሑድ፣ ሊሸነፍ መሆኑን ያወቀው ወገን አንድ በአንድ «ሰዓት ሞላብኝ» እያለ ተነሥቶ ሄደና ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ። ዋሽንግተን ገና ያልደረሰበት ስልት ነው።

ሞት አስመራጭ ኮሚቴ አይጠብቅም። በመሐል ከአባላቱ አንዱ ዐረፉ። ድንኳኑ መጋዘን ውስጥ፣ መጋዘኑ ተቆልፎ፣ ቁልፉ በገንዘብ ያዡ እጅ፣ ገንዘብ ያዡ ደግሞ «ሊቀመንበር ካልፈረመ አላወጣም» ባይ፤ ደንቡ እርሱ ነው። ድንኳኑ ከጎረቤት እድር በውሰት መጣ። ሁለቱም ዕጩዎች ከማንም ቀድመው ደርሰው፣ ላባቸው እየተንቆረቆረ ቋሚ ሲተክሉ ዋሉ። ፉክክሩ የመጣው ማታ ነው፤ በእድሩ ስም የማጽናኛ ቃል ለመናገር ሁለቱም አንድ ላይ ተነሡ። ማንም አልተቀመጠም። ንፍሮው ቀዘቀዘ። የሟች ባለቤት ከውስጥ ሆነው «ምነው፣ ሌላ ሰው ሞተ እንዴ?» ብለው ጠየቁ ይባላል።

ዋሽንግተኖችም በመጨረሻ ወንበሩን ሞልተውታል። ጥቅምት 14 ቀን 2016 ማይክ ጆንሰን 220 ለ209 ተመረጡ፤ ከወገናቸው ማንም አልተቃወማቸውም። ምሥጢሩ ምን ይሆን ተብሎ ብዙ ተጻፈ። እኔ ይህን ያህል አያስቸግርም ባይ ነኝ። ስካሊስን የሚጠሉ ነበሩ፣ ጆርዳንን የሚጠሉ ነበሩ፣ ማካርቲን የሚጠሉ ነበሩ። ጆንሰንን ለመጥላት ግን ማንም በቂ ጊዜ አላገኘም። ብዙ ዓመት የለፉት፣ የታወቁት፣ የተለማመዱት ሁሉ አልፈው ወንበሩ ለማይታወቀው የተረፈው በዚህ ነው። እውቅና ጠላት ያፈራል፤ ጠላት ደግሞ ድምፅ አለው። ሰሞኑን የእድሩ አባላትም ከጅቡቲ በቅርቡ የተመለሰና ገና ከማንም ጋር ሰላምታ ያልተለዋወጠ ሰው እያፈላለጉ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

የዛሬዎቹን ሳመሰግን ግን የአያቶቻቸውን ብድር መካድ አይገባኝም። እ.ኤ.አ. በ1855 መጨረሻ የተሰበሰበው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጅቶ፣ በ133ኛው ዙር ናትናኤል ባንክስን የመረጠው በ1856 ነው። ድሬዳዋ ገና አልተወለደችም፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ይዟት እስኪመጣ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረው ነበር። በዚያ ላይ እነዚያ ሰዎች የተጣሉት በባርነት ጉዳይ ነው፤ የሚያጣላ ነገር ነበራቸው። ያለ ምክንያት መጣላት የዘመናችን ዕድገት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ጆንሰንንም ለማውረድ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓርቲያቸው ተመራጭ የነበሩት ማርጆሪ ቴይለር ግሪን ሞክረው ነበር፤ ሐሳባቸው 359 ለ43 በሆነ ድምፅ ወደ ጎን ተደረገ። ከዚያም በ2025 ደንቡ ተለወጠና አፈ ጉባኤ ይውረድ የሚል ሐሳብ ለማቅረብ ከአብላጫው ፓርቲ ዘጠኝ አባላት እንዲያስፈልጉ ተደረገ። ዘጠኝ! ይህ ለጥበቡ አደገኛ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ ቤቱን ማፍረስ በሚችልበት ዘመን ነበር ነገሩ ያበበው። አሁን ሊጣላ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ስምንት ሰው ማግኘት፣ ሰብስቦ ማነጋገር፣ በቀንና በሰዓት መግባባት፣ በአንድ ወረቀት ላይ ስም ማስፈር ይጠበቅበታል። ዘጠኙ ደግሞ የእነማን ስም ከላይ ይጻፍ በሚለው ላይ ስብሰባ ይቀመጡና አስመራጭ ኮሚቴ ያስፈልጋቸዋል።