አቦ፣ ልጆቹን ተዉአቸው!

ድሬ ላይ ልጅ የሰፈር ነው፤ እሱስ ባልከፋ። ግን በዛ! ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር አረፍ ስል አንዷ ትመጣና "ያንቺ ልጅ ገና አይሄድም እንዴ? የኔ እኮ በ10 ወሩ ሮጠ" ትለኛለች። እሰይ፣ እንኳን ሮጠ! የዓለም ጤና ድርጅት ጋናንና ሕንድን ጨምሮ በ5 አገሮች ሕፃናትን ተከታትሎ ባወጣው መለኪያ፣ ሳይደገፉ መራመድ ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ይጀመራል። ታዲያ የኔው ዘገየ የሚባለው በማን ሰዓት ነው? የምር የሚያሰጋ ነገር ካለ ሐኪም አለ። ጎረቤት ሐኪም አይደለም።

የታላቋ ደግሞ ይብሳል። በአገራችን 1ኛ ክፍል መግቢያው 7 ዓመት ነው። እሷ ገና 4 ዓመቷ ነው፤ "እርሳስ አያያዟ አላማረም" ተብዬ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። በዚያ ሙቀት ባጃጅ ውስጥ ታጭቃ ትሄዳለች፣ ፊደል ስትገለብጥ ትውላለች፣ ማታ የቤት ሥራ። መቼ ትጫወት? ጣቷ እኮ የሚጠነክረው ሊጥ ስታድቦለቡል፣ አፈር ስትዝቅ ነው!

"የእከሌ ልጅ እንግሊዝኛ ያንበለብላል" ይሉኛል። ያንበልብላ! የኔዋ ቤት አማርኛ፣ ደጅ ከጓደኞቿ ጋር ኦሮምኛና ሶማሊኛ ትቀላቅላለች። ይሄንን ማንም እንደ እውቀት አይቆጥርላትም።

አሁን ደግሞ የወላጆች ስብሰባ ተጠርቷል። አጀንዳው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ለኬጂ ልጆች የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት። አልሄድም!