ሬዚደንት ሐኪም «ብድርሽን ለጊዜው አቁሚው» የሚባለው ለማን ጥቅም ነው?

ዛሬስ ሳልጽፈው አልተኛም። ሌሊቱን ሙሉ ዱቲ አድሬ እንደወጣሁ፣ እንቅልፌን ትቼ የተማሪ ብድሬን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ደወልኩ። ሙዚቃው ጆሮዬን ሲያደነቁረው ቆይቶ አንዲት ሴት አነሳች። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ክፍያዬ በገቢዬ ልክ እንዲሆን ያስገባሁት ማመልከቻ የት ደረሰ? ሬዚደንት (ተመርቆ ሆስፒታል ውስጥ ገና የሚሠለጥን ሐኪም) መሆኔን ስትሰማ ግን ጥያቄዬን ትታ «ለምን ትጨነቂያለሽ? ፎርቤራንስ፣ ማለትም ክፍያው ለጊዜው የሚቆምበት ውስጥ ላስገባሽ፣ ሥልጠናሽን እስክትጨርሺ ምንም አትከፍይም» አለችኝ። አልፈልግም አልኳት። ደግማ ያንኑ አለችኝ። ማመልከቻው የት እንደደረሰ ሳልሰማ ስልኩ ተዘጋ።

ምክሩ ደግነት ይመስላል። በሳምንት እስከ 80 ሰዓት የሚሠራ፣ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከመኪና ኢንሹራንስ የማይተርፍ አዲስ ሐኪም «ምንም አትከፍልም» ሲባል እሺ ቢል ማን ይፈርድበታል? እዚህ አሜሪካ ተበድሮ ሕክምና የተማረ ሰው 200,000 ዶላር አካባቢ ዕዳ ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነው። ወለዱን በዓመት 7 በመቶ ያዙት፤ 14,000 ዶላር ይመጣል። ፎርቤራንስ ክፍያውን እንጂ ወለዱን አያቆምም። ውስጥ ደዌ 3 ዓመት የሚሠለጥን ልጅ 42,000፣ ቀዶ ሕክምና 5 ዓመት የሚሠለጥን ደግሞ 70,000 ዶላር ተጨምሮበት ይወጣል ማለት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከወለዱ ይልቅ ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሕግ አለ። ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅት ሙሉ ሰዓት እየሠራ 120 ወርሃዊ ክፍያ የከፈለ ሰው፣ የቀረው የፌደራል ብድሩ ይሰረዝለታል፤ በተሰረዘው ላይም የፌደራል ግብር አይጠየቅም። ሬዚደንት የሚያሠለጥኑት ሆስፒታሎች አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የሥልጠናው ወራት ከ120ው ውስጥ ይቆጠራሉ! ቀዶ ሕክምና የሚሠለጥነው ልጅ ሥልጠናውን ሲጨርስ 60ውን፣ ግማሹን ማለት ነው፣ ሊጨርስ ይችላል።

አሁን ልብ በሉ። በነባሮቹ የገቢ ልክ ዕቅዶች ክፍያው የሚሰላው ባለፈው ዓመት የታክስ ፋይል ነው። ተማሪ ሆኖ፣ ገቢ ሳይኖረው ፋይል ያደረገ ልጅ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያው ዜሮ ሊሆን ይችላል። ያቺ ዜሮ እንደ ተከፈለ ወር ትቆጠርለታለች። ፎርቤራንስም ዜሮ ነው፤ እሱ ግን አይቆጠርም። ከኪሳችን የሚወጣው እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ ወደ ነጻነት የሚያስጠጋ፣ ሌላው ከነዕዳው ቆሞ የሚያስቀር ነው። ስልክ የምታነሳው ሴት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ምን ያቅታታል? እሷን እንኳ አልወቅስም፤ የተሰጣትን ነው የምታነበው። እንዲህ እንድታነብ የሰጣትን ነው የምወቅሰው።

ደግሞ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ተበዳሪዎች 120ውን ሞልተው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሲያመለክቱ፣ መጀመሪያ ላይ ከመቶ 99ኙ ያህል ውድቅ ተደርገዋል። ብዙዎቹ የብድሩ ዓይነት ወይም የክፍያው ዕቅድ ልክ እንዳልነበር የተነገራቸው ለዓመታት ከከፈሉ በኋላ ነው። መንግሥት በ2021 ጊዜያዊ ማስተካከያ እስኪያወጣ ድረስ ስንቱ ተቃጠለ! ከዚያ በ2023 ሴቭ የሚባል አዲስ የገቢ ልክ ዕቅድ መጣ፤ በዓመቱ ፍርድ ቤት አገደው፤ የገቡበት ሰዎች በግድ ፎርቤራንስ ላይ ተቀመጡና ወራታቸው ሳይቆጠር ነጎደ። ሰው በሽተኛ እያከመ ይህን ሁሉ የሚከታተለው በየትኛው ሰዓቱ ነው?

የእኛ ሰው ደግሞ አለ። ክርስትና ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ «ዶክተር ሆነሻል፣ ከእንግዲህ ምን ጎደለሽ፣ ለእናትሽ ቤት ግዢላት እንጂ» ይባላል። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያማል። ታክሲ እየነዱና ሆቴል እያጸዱ ያስተማሩን ወላጆች ልጃቸው ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ዕዳ እንዳለባት ቢያውቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ብለን ዝም የምንል ብዙ ነን። ዝምታችን ደግሞ ታናናሾቻችንን እየጎዳ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሐኪም በሌለበት አካባቢ ሥልጠናውን ጨርሶ 2 ዓመት የሚያገለግል የቤተሰብ፣ የውስጥ ደዌ ወይም የሕፃናት ሐኪም ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር ከሚባለው የፌደራል ፕሮግራም እስከ 75,000 ዶላር ድረስ የብድር መክፈያ ያገኛል። በውትድርና አገልግሎ ብድሩን የማስከፈሉ መንገድም ለሚሆነው ይሆናል። የግል ባንኮች ግን በየኢሜይሉ «ወለድ እንቀንስልሃለን» እያሉ ሲያባብሉ ተጠንቀቁ፤ የፌደራሉን ብድር አንዴ ወደ እነሱ ካዞራችሁት ስረዛው ቀረ፣ መመለሻም የለውም።

ከሐምሌ 2026 ጀምሮ የሕክምና ትምህርት የሚጀምሩት ደግሞ ይባስ ይጎዳሉ። በ2025 የወጣው ሕግ ለአዲስ የሕክምና ተማሪ የፌደራሉን ብድር በዓመት በ50,000፣ በጠቅላላው በ200,000 ዶላር ገድቦታል፤ ቀሪውን የሚሞላው ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድርም ለአዲሶቹ ተዘግቷል። ትምህርቱ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀሪውን ከግል ባንክ ነው። ባንኩ ደግሞ ዋስ ይጠይቃል። የፓርኪንግ ሠራተኛ ልጅ ማንን ዋስ ይጥራ?

ግንቦት ላይ የሚመረቅ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ያላችሁ ይህን አሳዩልኝ። ከሬዚደንሲ በፊት ያለው የታክስ ፋይል ገቢ ባይኖርም ይሞላ። ብድሩ ስረዛው የሚመለከተው ዳይሬክት ሎን (በቀጥታ ከፌደራል መንግሥት የተገኘ ብድር) መሆኑ ይታይ። የገቢ ልክ ማመልከቻው እንደተመረቁ ይግባ፤ የአሠሪ ማረጋገጫ ፎርሙም በየዓመቱ ሆስፒታሉ ይፈርምበት። ፎርሙ ላይ ግራ የገባው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ዱቲ ካልሆንኩ አብረን እንሞላዋለን።