ወንዙን ማን ደፈነው?

ባለፈው ዓመት ለአንድ የጀማሪ መንገድ ዲዛይነር ቦታ ያመለከቱ ሰባት ወጣቶችን ከባልደረቦቼ ጋር ፈትኜ ነበር። ቢሯችን መሃል አዲስ አበባ ነው፤ ፈተናውም አጭር ነበር። በቀበና ወንዝ ዳር የተለኩ ስድስት መቶ ያህል ነጥቦችን የያዘ ፋይል ሰጠናቸውና የመሬቱን ገጽታ በኮምፒውተር ሠርተው ኮንቱሩን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን መስመሮች፣ እንዲያወጡ ጠየቅናቸው። ሰባቱም የሥልጠና ሰርተፊኬት ነበራቸው። ሰባቱም ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሱ፤ ጣቶቻቸው ትእዛዞቹን ለምደዋቸዋል።

ከነጥቦቹ የአንዱን ከፍታ ሆን ብለን ዜሮ አድርገነው ነበር። ቀያሽ ከፍታ መመዝገብ ሲዘነጋ በሥራ ላይ በእርግጥ የሚያጋጥም ስህተት ነው። ያ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሚጠጋ፣ ኮምፒውተሩ በአንዲት ነጥብ የተነሣ በከተማዋ መሃል 2,400 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። ኮንቱሮቹ በነጥቧ ዙሪያ ተደራርበው ጥቁር ቋጠሮ ሠሩ። አምስቱ ወጣቶች ሥዕሉን እንዳለ፣ ርዕስና የሰሜን ቀስት ጨምረውበት አስረከቡን። አንዱ ጥቁሩ ዐይኑን ሲያስቸግረው በኮንቱሮቹ መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት አስፍቶ መስመሮቹን አሳሳቸው። አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አንሥታ «ኢንጂነር፣ ይህ ነጥብ ልክ አይደለም፤ ከፍታው ዜሮ ነው» አለች።

አምስቱን አልወቅስም። የተማሩትን በሚገባ አሳይተውናል። ጥያቄዬ ያለው እነርሱን ባስተማረው ሥልጠና ላይ ነው፤ ይህን ስልም ከጉዳዩ ውጭ ቆሜ አይደለም፤ እኔም ለጥቂት ዓመታት በእነዚህ ክፍሎች አስተምሬአለሁ።

የማታና የቅዳሜ የዲዛይን ሶፍትዌር ሥልጠናዎቹን የማያውቅ የግንባታ ሰው የለም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ፣ ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ሲሄዱ በየሕንፃው ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማስታወቂያቸው ተሰቅሏል፦ አውቶካድ፣ ሲቪል ስሪ ዲ፣ ኢታብስ፣ ጂ አይ ኤስ። «በአሥራ አምስት ቀን የመንገድ ዲዛይነር ይሁኑ» የሚልም አይቻለሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ወንበሮቹ የተጠጋጉ ናቸው። ከቢሮ በቀጥታ የመጣ አለ፤ ከሳይት ሲመለስ የጫማውን ጭቃ ደጃፍ ላይ ጠርጎ የሚገባ አለ፤ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ሥራ የሚፈልግም አለ። ገንዘቡን ከኪሳቸው፣ አንዳንዴም ከእናታቸው መቀነት አውጥተው ይከፍላሉ። እንዲህ ለመማር የተራበ ሰው ፊት ቆሞ ማስተማር ምን ያህል ደስ እንደሚል የሞከረው ያውቀዋል። በዩኒቨርሲቲ አንዱን ኮምፒውተር ለአራት ሲካፈሉ የኖሩ ልጆች ለብቻቸው ተቀምጠው አንድ ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር የሚነኩት እዚህ ነው። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

የመሣሪያውም ጉልበት የሚናቅ አይደለም። እኛ ሥራ ስንጀምር ክሮስ ሴክሽን፣ ማለትም የመንገዱን አግድም ቁርጥ ገጽ፣ የምንስለው በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ነበር፤ የቆረጣውንና የሙሌቱን ስፋት በፕላኒሜትር ጠርዝ ጠርዙን እየዞርን እንለካለን። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ በየ20 ሜትሩ ሲቆረጥ 500 ክሮስ ሴክሽን ያወጣል። መስመሩ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ሁሉም እንደገና ይሳላል፤ ስለዚህ የተሻለ መስመር እንዳለ እያወቅን የምንተውበት ጊዜ ነበር። ዛሬ አንድ ወጣት መስመሩን ጎትቶ ሲያዛውር የ500ው ክሮስ ሴክሽን ስሌት በሰከንዶች ይታደሳል። ሦስት አማራጭ በአንድ ከሰዓት ማነጻጸር ይቻላል። ይህ ለመንገዶቻችን ትልቅ በረከት ነው።

እንግዲህ ችግሩ የቱ ላይ ነው? በእኔ እምነት የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን ከሚከፈተው ፋይል ነው። አብዛኛው ሥልጠና ልምምዱን የሚያካሂደው ከሶፍትዌሩ ጋር በሚመጣው ማሳያ ፋይል ነው። ያ ፋይል የሌላ አገር መሬት ነው፤ ነጥቦቹ ተጣርተዋል፤ የጎደለ የለም፤ የተሳሳተ የለም። ሠልጣኙ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ረግጦት የማያውቀውን መሬት ሲያገላብጥ ይሰነብታል፤ ውጤቱ ትክክል ይሁን ስህተት በዐይኑ የሚመሰክርበት መንገድ የለውም። ሁልጊዜ ትክክል በሚሆን ፋይል የተማረ ሰው መጠርጠርን ከየት ያመጣዋል?

ሶፍትዌሩ መሬትን የሚያውቀው በነጥቦች ብቻ ነው። ነጥቦቹን ሦስት ሦስት እያደረገ ያገናኝና የሦስት ማዕዘን መረብ ይዘረጋል፤ በሦስቱ ነጥቦች መካከል ያለውን መሬት እንደ ጠረጴዛ ገጽ ዝርግ አድርጎ ይወስደዋል። የትኛው ነጥብ ከየትኛው እንደሚገናኝ የሚወስነው በሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ በቦሪስ ደሎኔ ስም የሚጠራው ደንብ ሲሆን፣ ደንቡ ሦስት ማዕዘኖቹ ከመጠን በላይ ቀጭን እንዳይሆኑ ይጠነቀቃል። ወንዝን ግን አያውቅም። ገደልን፣ የድጋፍ ግንብን፣ የቦይን ጠርዝ አያውቅም። እነዚህን የሚነግረው ሰው ነው፦ ቀያሹ የወንዙን አፋፍ፣ የአፋፉን ግርጌና የወለሉን ነጥብ ይለካል፤ ዲዛይነሩ ደግሞ ነጥቦቹን በብሬክ ላይን ያያይዛል። መስመሩ ከተሰመረ ሦስት ማዕዘኖቹ አይሻገሩትም። ካልተሰመረ ከአፋፍ ወደ አፋፍ ይዘላሉ።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ስሠራ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ሥራው አንዲት የቀበና ገባርን የሚሻገር አጭር የመንደር መንገድ ነበር። ወጣቱ ዲዛይነር የሠራው ምስል በስክሪኑ ላይ ያምራል፤ ቀለም ተቀብቷል፤ በሦስት አቅጣጫ ይዞራል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቀያሽ ሻያቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉ፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ አዩና «ልጄ፣ ወንዙን ማን ደፈነው?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። በእርግጥም ወንዙ የለም። ከወለሉ የተለኩት ነጥቦች ጥቂት ስለነበሩና ብሬክ ላይን ስላልተሰመረ መረቡ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዘሎ ሸለቆውን ሞልቶታል። ከመንገዱ ሥር ውሃውን የሚያሳልፈው ቱቦ መግቢያ ከእውነተኛው የወንዝ ወለል ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የሙሌቱ መጠንም በዚያው ልክ አንሷል፤ ሰነዱ ደግሞ ለጨረታ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሙያው ያለ ሁሉ ይገምተዋል፦ የሥራ ለውጥ ትእዛዝ፣ የዋጋ ክርክር፣ ሳያልቅ የገባ ክረምት።

ስህተቱ ትንሽ ሲሆንም ዋጋው ትንሽ አይደለም። 7 ሜትር ስፋትና 10 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መንገድ ላይ የመሬቱ ሞዴል በ10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሳሳት ልዩነቱ 7,000 ሜትር ኩብ ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና ወደ 440 ምልልስ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ለአንዱም ምልልስ ዲዛይነሩ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው።

ወጣቶቹ ከሥልጠና ይዘውት የሚመጡት ሌላ ልማድ በነፃ ከኢንተርኔት የሚወርደውን የከፍታ መረጃ ለዝርዝር ዲዛይን መጠቀም ነው። ብዙዎቹ የሚያወርዱት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በአሥራ አንድ ቀን በረራ በራዳር የሰበሰበውን ነው። ለመስመር መረጣ፣ ለተፋሰስ ጥናት ድንቅ መረጃ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን አንዱ ነጥብ ከሌላው 30 ሜትር ይርቃል፤ ሲነደፍ የተቀመጠለት የከፍታ ስህተት ወሰንም 16 ሜትር ነበር። ሶፍትዌሩ ግን ከዚህ መረጃ የግማሽ ሜትር ኮንቱር አውጣ ቢሉት ያወጣል፤ ማስጠንቀቂያ የለው፣ ማመንታት የለው። አዲስ አበባን ያህል የታመቀ ከተማ ላይ ራዳሩ ጣሪያንና ዛፍን ከመሬት ጋር እየቀላቀለ እንደሚያይ ለሠልጣኙ የነገረው የለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የአዲንዳን ነገር ነው። የቆዩት ካርታዎቻችንና ብዙዎቹ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው፣ የቦታ ቁጥሮች በሚቆጠሩበት የመነሻ ሥርዓት ነው። ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ ቦታ ሲሆን፣ ወደ እኛ የዘለቀው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት በተዘረጋው የልኬት መረብ ነው። የእጅ ስልካችንና ጂፒኤሱ ደግሞ የሚናገሩት በሌላ ሥርዓት፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱም ዩ ቲ ኤም በተባለው የካርታ ፍርግርግ በዞን 37 ሲጻፉ ቁጥሮቻቸው መንታ ይመስላሉ። ተቀላቅለው ሲገቡ ግን ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። 200 ሜትር ፒያሳ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንዱን ሕንፃ ከሰፈሩ ነቅሎ ሌላ ሰፈር መትከል ነው። በሶፍትዌሩ ውስጥ አዲንዳንን መምረጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ሠልጣኞች ግን ስሙን የሚሰሙት ሥራ ከገቡ በኋላ፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

የዲዛይን ደረጃውም እንዲሁ ነው። የያኔው የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2013 ያወጣቸው የጂኦሜትሪክ ዲዛይን ማኑዋሎች አሉን። መሬታችንን ሜዳማ፣ ወጣ ገባ፣ ተራራማና ገደላማ ብለው ይመድባሉ፤ ፍጥነቱ፣ የኩርባው ራዲየስና የዳገቱ ልክ ከዚያ ይከተላሉ። የሌላ አገር ሰው የማያስበው ገደላማ የሚለው ምድብ የዓባይን በረሃ ለሚያውቅ መሐንዲስ ምን ያህል ተገቢ ነው! የመንገድ ዲዛይን ፕሮግራሙ ሲቪል ስሪ ዲ ግን ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው የአሜሪካኖቹን የመንገድ ባለሥልጣናት ማኅበር፣ የአሽቶን፣ ሠንጠረዥ ነው። የራሳችንን ቁጥሮች ማስገባት የሚያስችል ቦታ በውስጡ አለ፤ ለማስተማር አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። ይህን የሚያስተምር ክፍል ያየሁት በጣም ጥቂት ነው።

ስለ ፈቃድ በአጭሩ ልናገርና ልለፍ። በብዙ ክፍሎች የሚጫነው ፕሮግራም ቁልፉ የተሰበረ ነው፤ ይህም ሕገወጥ ነው። ተማሪዎች ከአምራቹ የትምህርት ፈቃድ በነፃ ማግኘት ይችላሉ፤ ለካርታ ሥራ ደግሞ ኪው ጂ አይ ኤስን የመሰለ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም አለ።

የምለምነው ሥልጠናው ከክፍል ውጭ እንዲጀመር ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ያለ ኮምፒውተር ይሁን። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወርዱ ግንፍሌና ቀበና በአጭር ርቀት ተከታትለው ይገኛሉ፤ ዳገት፣ አፋፍ፣ ድልድይ፣ የድጋፍ ግንብ፣ የጎርፍ ቦይ ሁሉም እዚያው አለ። ሠልጣኞች ተከፋፍለው አንዲት ቁራሽ መሬት ራሳቸው ይለኩ፤ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ወደዚያው ሲመለሱ ስንት ሚሊሜትር እንደሳቱ ራሳቸው ያስሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን አሥራ አራት ቀን በዚያችው ቁራሽ ይሥሩ። አፋፉ ላይ ቆሞ ያየ ልጅ በስክሪኑ ላይ ወንዙ ሲጠፋበት ይደነግጣል፤ እኔ የምፈልገው ያንን ድንጋጤ ነው። መምህሩም በየቀኑ አንድ ስህተት ፋይሉ ውስጥ ይደብቅ፦ አንድ ቀን የዜሮ ከፍታ፣ አንድ ቀን የተገላበጠ ምሥራቅና ሰሜን፣ አንድ ቀን የአዲንዳንና የጂፒኤስ ቅልቅል። ሰርተፊኬቱ ስህተቱን ላገኘ ይሰጥ።

ቀጣሪዎችም ከዚህ አናመልጥም። ማስታወቂያችን ላይ «የሶፍትዌር ሰርተፊኬት ያለው» ብለን እየጻፍን ማዕከላቱ ሰርተፊኬት ስላመረቱ ልንወቅሳቸው አንችልም። አንድ የተበላሸ ፋይልና አንድ ሰዓት ከብዙ ወረቀት የበለጠ ይነግረናል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ በመሃል ከተማ ሥራው የሚሄድበትን ፍጥነት ሁላችንም እያየን ነው፤ በዚህ ፍጥነት ውስጥ የተሳሳተ ሞዴል አስፋልት ከመሆኑ በፊት የሚይዘው ሰው ያስፈልገናል።

ያቺ እጇን ያነሣችው ልጅ ዛሬ ከእኛ ጋር ትሠራለች። በየትኛው ማዕከል እንደተማረች ጠየቅኋት። ማዕከሉ ሌሎቹ የተማሩበት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ለተግባር ልምምድ ሁለት ወር ከቀያሾች ጋር ስታፍ የሚባለውን የመለኪያ ዘንግ ይዛ ፀሐይ ላይ ስትቆም መክረሟ ነበር። «ከፍታውን እየጮኹ ሲጠሩት ጆሮዬ ለመደው» አለችኝ፤ «እዚህ ከተማ ውስጥ ከሁለት የማይጀምር ቁጥር ሰምቼ አላውቅም።»

በአራት ኪሎም ሆነ በፒያሳ ሥልጠና የምትሰጡ ወገኖቼ፣ ለመጀመሪያው ቅዳሜ መሣሪያ ከቸገራችሁ የቢሯችን አሮጌ የከፍታ መለኪያ፣ ሌቭሉ፣ አሁንም በትክክል ይሠራል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቀበና ድልድይ ይዤው እመጣለሁ።