ደብቁት ያልንም እኛ፣ ረሳችሁት የምንልም እኛ

ወገኖቼ፣ አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት በሰው ፊት ሲዋረዱ ስቃችኋል። ቁጣዬ ይበርድ እንደሆነ ብዬ ሳልጽፍ ቆየሁ፤ አልበረደልኝም። ስለዚህ ያያችሁትን መልሼ ልነግራችሁ፣ ያላያችሁትንም ልጨምርላችሁ ግድ ሆነብኝ።

ነገሩ የሆነው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ክፍል ደጃፍ፣ ተራ ጠባቂ በሞላበት ኮሪደር ነው። ሴትየዋ ስማቸው ሲጠራ ገቡ፤ በሩ ግን ከኋላቸው አልተዘጋም። ከቦርሳቸው ሥር በሻርፕ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጡ። በላዩ የነበረው ወረቀት ተልጧል፤ ክኒኖቹ በመንገድ ላይ እንዳይንሿሹም ውስጡ ጥጥ ተጎስጉሶበታል። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነው ወጣት ባለሙያ ጥጡን በጣቱ ጎልጉሎ አወጣና ክኒኖቹን ሳህን ላይ ገልብጦ አምስት አምስት እያደረገ ቆጠረ። 2 ፍሬ ብቻ መትረፍ ሲገባው 11 ተገኘ።

«መቼ መቼ ነው የዘለልሽው?» አላቸው። ሲገቡ «ይቀመጡ» ብሎ የተቀበላቸው ሰው፣ ቆጠራውን ሲጨርስ አንቺ ማለት ጀመረ። ሴትየዋ ጥቂት አሰቡና፣ «መዋጤንስ አስታውሳለሁ፤ የማስታውሰው የዛሬውን ይሁን የትናንቱን ነው የማይለይልኝ» ሲሉ መለሱ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚህ የበለጠ ለሐኪም የሚጠቅም ዐረፍተ ነገር አልተነገረም ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የመዘገበው የለም። ባለሙያው ካርዳቸውን አየት አደረገ፤ የቀድሞ ሥራቸው የሂሳብ ሠራተኛ ተብሎ ተጽፎበት ኖሮ፣ «ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስትቆጥሪ ኖረሽ በቀን አንዲት ፍሬ መቁጠር አቃተሽ?» አለ። ኮሪደሩ ሳቀ። የሳቁት እዚያው መድኃኒት ሊወስዱ የመጡ ሰዎችና ያጀቧቸው ዘመዶቻቸው ነበሩ፤ ያልሳቅነውም አፍ አውጥተን የተናገርነው ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ አላያችሁትም። ሴትየዋ ክኒኖቹን ወደ ብልቃጡ መለሱና ክዳኑን ሊገጥሙ ሞከሩ። ክዳኑ ሕፃናት እንዳይከፍቱት ተብሎ የተሠራ፣ ተጭነው ካላዞሩት የማይያዝ ዓይነት ነው። እሳቸው ሳይጫኑ ያዞሩታል፤ ይንሸራተትባቸዋል፤ እንደገና ያዞሩታል። ለዓመታት ሲከፍቱትና ሲዘጉት የኖሩት ክዳን ነው። ባለሙያው ትዕግሥቱ አልቆ ከእጃቸው ነጠቀና ራሱ ገጠመው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አልመጡም፤ መዝገቡም መድኃኒት አቋርጠው ከጠፉት መካከል ጻፋቸው።

የቀረውን የሰማሁት ከሴት ልጃቸው ነው፤ ማንነታቸው እስካልታወቀ ድረስ እንድጽፈው እናትየውም ፈቅደዋል። ልጅቱ እናቷ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ የምታውቅ ብቸኛዋ ሰው ስትሆን፣ ከወራት በኋላ ወደ ሌላ ሐኪም ወሰደቻቸው። ሐኪሙ አልተቆጣም። አራት ቃላት ነግሮ አስደገማቸው፤ በግራ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ለ5 ሴኮንድ ቶሎ ቶሎ መታ መታ እንዲያደርጉ ጠየቃቸው፤ ቀጥሎ እጃቸውን በጭብጥ፣ በመዳፍና በጎን እያፈራረቁ ጠረጴዛው ላይ እንዲያሳርፉ ነገራቸው፤ በመጨረሻም አራቱን ቃላት መልሶ ጠየቀ። አንዱን ብቻ አስታወሱ። ኤች አይ ቪ የማሰብ ችሎታን ጎድቶ እንደሆነ የሚጠቁመው ይህ ፈተና ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከ12 ነጥብ የሚታረም ሲሆን 10 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል። የሚወስደው ደቂቃዎች ነው። ክኒን ቆጥሮ መሳለቅም ደቂቃዎች ወስዷል።

ወገኖቼ፣ ይህን ስትሰሙ «እርጅና ነው» ብላችሁ ለማለፍ አትቸኩሉ። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንጎል ይደርሳል። የነርቭ ሕዋሳቱን ራሳቸውን አይወርርም፤ የሚሰፍረው በአካባቢያቸው ባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ከእነዚያ የሚመነጨው ብግነት ግን ውሎ አድሮ ነርቮቹን ይጎዳል። በብርቱ የሚነካው የአንጎልን የፊት ክፍል ከውስጠኛው ክፍል ጋር የሚያያይዙትን መስመሮች በመሆኑ፣ የሚዳከመው የሐሳብ ፍጥነት፣ ትኩረት፣ ማቀድ፣ እንዲሁም «በዚህ ሰዓት ይህን አደርጋለሁ» ያሉትን በሰዓቱ ማስታወስ ነው። የሰው መልክ አይጠፋቸውም፤ የድሮ ታሪክ አሳምረው ያወጋሉ። እኛም በወጋቸው ተታልለን ክኒኑን ሲዘሉ ሆን ብለው ያደረጉት ይመስለናል።

በአሜሪካ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ከ1,500 በላይ አዋቂዎች ተመርምረው ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ግማሽ ያህሉ በፈተና የሚለይ የማሰብ ችሎታ ጉድለት እንዳለባቸው ታውቋል። የአብዛኞቹ ቀላል ወይም በዕለት ኑሯቸው ላይ ገና ያልተገለጠ ነው፤ ዲሜንሺያ፣ ማለትም የዕለት ኑሮን የሚያውክ ከባድ የማሰብ ችሎታ መዳከም፣ ደረጃ የደረሱት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። መለኪያው ጤነኛውንም ይጨምራል ብለው የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ክርክራቸውም መሠረት አለው። ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱት ብትሉኝ እንኳ እቀበላለሁ፤ የቀሩት ያንን ኮሪደር ይሞሉታል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱን የሚመዘግብ ብልቃጥ እየሰጡ አዋቂዎችን ተከታትለው፣ በዕድሜ የገፉት ከወጣቶቹ ይልቅ መድኃኒታቸውን በሥርዓት እንደሚወስዱ፣ ከእነርሱም መካከል በተለይ የሚዘሉት የማሰብ ችሎታቸው የተጎዳው እንደሆኑ አሳይተዋል። ግዴለሽ ብላችሁ የሳቃችሁባቸው፣ ከሁሉ ይልቅ ግድ ያላቸው ነበሩ ማለት ነው።

«ድሮ በእፍኝ ይዋጥ ነበር፤ አሁን ሦስቱ መድኃኒት በአንዲት ፍሬ ተጠቃሎ በቀን አንዴ ብቻ ነው፤ ምን ምክንያት አለ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እፎይታው እውነት ነው። አንዷም ብትሆን ግን መታወስ አለባት፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት የሆነ ድርጊት ደግሞ የዛሬው ከትናንቱ ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ክኒኑ ሲዘለል ቫይረሱ ይባዛል፤ ሲባዛ አንጎልን እንደገና ይጎዳል፤ የተጎዳው አንጎል ደግሞ የነገውን ክኒን ይረሳል። ይህን አዙሪት በቁጣ የሰበረ ሰው አላየሁም።

አሁን እጅግ የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። የደከመ ትውስታ የሚደገፈው ዐይን በሚያየው ምልክት ነው፤ ብልቃጡ ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ ቢቀመጥ ብሩሹ ያስታውሳል። የእኚህ ሴት ብልቃጥ ግን የሚኖረው በልብስ ሻንጣ ታች፣ ከጨርቅ ሥር ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቦታው ይለወጥ ነበር፤ አንዳንዴም የት እንዳኖሩት ራሳቸው ይጠፋባቸው ነበር። የስልክ ማንቂያ አይደውልም፤ «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ተብለው እንዳይጠየቁ። ወረቀቱን ያስላጠው፣ ጥጡን ያስጎሰጎሰው የማን ዐይንና የማን ሐሜት ነው? የሚያስታውሳቸውን ምልክት ሁሉ አንድ በአንድ ከቤታቸው ያስወጣነው እኛ ነን፤ ከዚያም ስለረሱ ሳቅንባቸው። እንዲህ ያለውን ግፍ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። መድኃኒት የምታድሉ ባለሙያዎች፣ የተረፈውን ስትቆጥሩ እንዴት እንደተረፈም ጠይቁ፤ መርሳቱ ከድባቴ፣ ከመጠጥ፣ ከቂጥኝ ወይም ከሌላ የአንጎል ኢንፌክሽን የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሳትመረምሩ አትፍረዱ። ባዶ ብልቃጥም አያጽናናችሁ፤ መዋጡን ረስቶ የደገመ ሰው ብልቃጥም ይጎድላል። ዘመዶች፣ ታማሚው ራሱ ፈቅዶ ከነገራችሁ፣ የቀናት ክፍል ባለው ሣጥን ክኒኑን አብራችሁ ደልድሉ፤ ሳይፈቅድ ግን ለማንም አታውሩ። በየሁለት ወሩ የሚወሰድ መርፌም ተገኝቷል፤ ለሁሉም እስኪዳረስ ግን በእጃችን ያለው ይኸው ነው።

በሴትየዋ ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ዛሬ በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ ወርዷል። እያንዳንዷን ክኒን ልክ እንደ ድሮው ሥራቸው በደብተር ላይ በቀንና በሰዓት ይመዘግባሉ፤ ማታ ልጃቸው ታመሳክራለች። የሐሳባቸው ዝግታ ግን አለ፤ ሙሉ በሙሉ ይለቃቸዋል ብሎ ቃል የገባላቸው የለም። ልጅቱን ምን እንደምትመኝ ስጠይቃት፣ ያ የጣትና የአራት ቃላት ፈተና እናቷ በተሰደቡበት ክፍል ውስጥም ቢሰጥ እንደምትወድ ነገረችኝ። ማሽን አይጠይቅም፤ በቂ ሥልጠና ያገኘ ነርስ ሊሰጠው ይችላል። ይህን ያህል ርካሽ በሆነ ነገር ተስፋ መቁረጥ ይከብደኛል፤ ርካሹን ነገር እንዴት እንደምንንቅ ስላየሁ ግን ቶሎ ይሆናል ብዬ ለልጅቱ አልነገርኳትም።