ማስተካከያ፦ «የአጣዬ ተጎጂዎች የካሳ ምዝገባ» ስለተባለው መልእክት

ሰሞኑን በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተው መልእክት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያቋቋመው የኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች ኮሚሽን ለአጣዬ ተጎጂዎች ካሳ መመዝገብ መጀመሩን ይናገራል። ይህ ስህተት ነው። ኮሚሽኑ ዛሬ የለም። በሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ውሳኔ ታኅሣሥ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ዘመኑ እንዲራዘም የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ አገር በመታጣቱ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራው አብቅቷል። በነበረበት ጊዜም መርምሮ ሪፖርት ያቀርብ ነበር እንጂ ካሳ የመክፈል ሥልጣን አልነበረውም።

መልእክቱ የዚህን ኮሚሽን ሪፖርት ከሌላ ሪፖርት ጋርም አደባልቋል። የአገር ውስጡ ተቋም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በጋራ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ያወጡት ሪፖርት የሌላ ምርመራ ውጤት ነው። የሸፈነው ከጥቅምት 24 እስከ ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ የተፈጸመውን ነው። አጣዬ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ጥቃት የደረሰባት በዚሁ ጊዜ ውስጥ ቢሆንም ከምርመራው ወሰን ውጪ ነበረች። ተጎጂዎቹ ይህን ሲሰሙ ቢከፋቸው አይፈረድባቸውም።

የተቃጠለ ቤታቸውን ፎቶግራፍና የቀበሌ መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ የተሰለፉ እናቶች አሉ። ቅጂ ማስቀረታቸው መልካም ነው፤ ዋናውን ሰነድ ግን ለማንም «መዝጋቢ ነኝ» ባይ አይስጡ፣ የምዝገባ ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብም አይክፈሉ።