ጣዕሙ ያልጠፋ ቤትም አለ

የድሮ የሰፈር ሳንድዊች ቤቶች ጣዕማቸው ጠፍቷል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። የሁሉም አልጠፋም። በቅርቡ ጅማ ስሄድ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ተማሪ ሳለን የምንጋፋበት ቤት ጎራ አልኩ። እንቁላል ሳንድዊች አዘዝኩ። ልጁ ዳቦውን ሰንጥቆ እንቁላሉ የተጠበሰበት መጥበሻ ላይ ደፋው። ዳቦው የቀረውን ዘይትና ሽንኩርት ምጥጥ አደረገ። ከዚያ ቃሪያ፣ ላዩ ላይ ሚጥሚጣ ነስነስ። ሚስጥሩ እኮ እዚህ ጋ ነው! ዳቦው ለብቻው ከሞቀ ይደርቃል። ዋጋው ጨምሯል፣ የት ያልጨመረ አለ? የአቮካዶ ጭማቂው ግን አሁንም ማንኪያ ያቆማል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዛሬም ሒሳብ የሚቀበሉት ራሳቸው ናቸው። አይተውኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ሚጥሚጣ ይብዛልህ አይደል?» አሉኝ። ደስ አለኝ! ጅማ የምትሄዱ ጠዋት ግቡ፤ ትኩሱ ዳቦ ቶሎ ያልቃል።