እርሾ እንኳን ተጠይቆ ነው የሚወሰደው

የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ባለፈው ሰኞ ልጄን መዋዕለ ሕፃናት ላደርስ ስገባ ክፍሉ በመድኃኒት ሽታ ታፍኗል። ብርድ ነው ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይስላሉ። «ምንድን ነው የረጫችሁት?» አልኩ። «ጀርም የሚገድል ነው» ተባልኩ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወላጅስ ተጠይቋል? ማንም አልጠየቀንም። ሽታው አናደደኝ፤ ይኼ አለመጠየቅ ግን የባሰ አናደደኝ።

ከኮሮና ጊዜ የቀረ ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ያኔውኑ፣ በግንቦት 2012 ዓ.ም.፣ ቤት ውስጥ ኬሚካል በዘልማድ መርጨትን አልመክርም ብሎ ነበር። ሰው ላይ መርጨትንማ ጭራሽ። እኛ ምክሩን ጥለን መርጫውን ይዘን ቀረን።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር እየመጣ ነው። መግደል ብቻ ሳይሆን የተመረጠ ባክቴሪያ ቤት ውስጥ መዝራት። በጣሊያን ሆስፒታሎች የባሲለስ ባክቴሪያ ስፖር (እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆይ ቅርጹ) ባለበት ማጽጃ ወለሉ ሲጸዳ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚይዝ ኢንፌክሽን ቀንሷል። ጂናቸው (የዘር መረጃቸው) የተለወጠ ተህዋስያንን ለቤት አየር ማጽጃነት የሚያዘጋጁም አሉ። እኔ በሳይንሱ ጠብ የለኝም። እንዲያውም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አሽተው፣ በወይራ አጥነው ጠላ የሚጠነስሱት ለምን ይመስላችኋል? አበላሺው ወጥቶ ጥሩው ቦታ እንዲያገኝ ነው። ጌሾውም ቢሆን ከመራራነቱ ሌላ ጠላውን ከሚያበላሽ ባክቴሪያ ይጠብቃል። ግን አስተውሉ። እርሾ ያለቀባት ሴት ጎረቤቷን ትጠይቃለች። የሰው ቡሃቃ ከፍቶ የራሱን እርሾ ጨምሮ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የጥቅምት ውርጭ ባቄላችሁን የመታባችሁ ገበሬዎች ይኼን ስሙ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ ቅጠል ላይ በረዶ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጂን ከአንድ ባክቴሪያ አውጥቶ፣ ሰብልን ከውርጭ የሚያድን ባክቴሪያ ሠራ። ግሩም ሐሳብ ነው፤ እኛንም የሚጠቅም ይመስላል። ኩባንያው ግን ፈቃድ ሳይሰጠው ጣሪያው ላይ በነበሩ ዛፎች ላይ ሞከረው። በፈረንጆቹ 1986 ተቀጣ። በሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ አግኝቶ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንጆሪ ላይ ሊረጭ ሲል፣ ተቃዋሚዎች በሌሊት ገብተው ችግኙን ነቃቀሉበት። ሰው አንዴ ካላመነ እንዲህ ነው።

ያ እንግዲህ ሜዳ ላይ ነው፣ ነፋስ ባለበት። ዝግ ክፍል ውስጥስ? ሕፃኑ ወጥቶ አይሄድም። ተከራዩ ኪራዩን ከፍሏል፣ የት ይሄዳል? የቤት ሠራተኛዋ፣ አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ፣ አስም ያለባት አሮጊት፣ ሁሉም የእናንተን ውሳኔ ይተነፍሳሉ። እናንተ አከራዮች፣ የሆቴልና የትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ ቤቱ የእናንተ ቢሆንም ሳንባው የእነሱ ነው። የምትረጩትን ንገሯቸው። አንፈልግም ሲሉ ደግሞ ስሟቸው።

እኛም ወላጆች ንጹሕ አይደለንም። ያን ሽታ ከእኔ በፊት ስንቱ ወላጅ አሽትቶ ወጥቷል! በይሉኝታ ነው። «አስቸጋሪ ወላጅ እንዳልባል» ብለን። እኔ ራሴ ከዚያ ሰኞ በፊት ሁለት ሳምንት ዝም ብያለሁ፣ ይቆጨኛል። ኧረ ይሉኝታ ለሕፃን ሳንባ አይሆንም! አገራችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ አላት። ጂኑ የተለወጠ ነገር ያለ ፈቃድ አይገባም። ሕጉ ግን በየክፍሉ እየገባ አይጠይቅላችሁም።

ስለዚህ ነገ ልጆቻችሁን ስታደርሱ «ጠርሙሱን አሳዩን» በሉ። የተጻፈበትን አንብቡ። ቋንቋው ካልገባችሁ የሚያነብላችሁ ፈልጉ፣ ፎቶ አንስታችሁ ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩ። ከዚያ መስኮቱን ክፈቱና ልጆቹን ጋቢ ደርቡላቸው።